አንድ የዳክዬ መጥሪያ፣ ሦስት ውሃ፦ የስቱትጋርት ዳክዬ አዳኞች ጉዳይ

በአሜሪካ፣ በአርካንሶ ግዛት፣ ስቱትጋርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟን ያወጡላት ከጀርመን የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ ያኖሯት ግን ሩዝና ዳክዬ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1936 በከተማዋ ዋና ጎዳና ላይ 17 ሰዎች በየተራ እየወጡ እንደ ዳክዬ ጮኹ። ከሚሲሲፒ ግዛት ከግሪንቪል ከተማ የመጣው ቶማስ ዋልሽ አሸነፈ፤ ሽልማቱም 6 ዶላር ከ60 ሳንቲም የሚያወጣ የአደን ኮት ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላይ ላዩን ሲያዩት የበዓል ቀን ቀልድ ይመስላል። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በአገሪቱ የወጣውን ደንብ ላወቀ ሰው ግን ቀልድ አልነበረም። አዳኞቹ ከእጃቸው የተወሰደባቸውን ነገር በገዛ አፋቸው ሊተኩ እየሞከሩ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ላይ ድርቅ ጸንቶ ነበር። ዳክዬ የሚፈለፈልባቸው ኩሬዎች ደረቁ፤ የወፉም ቁጥር አሽቆለቆለ። በ1934 የዳክዬ ቴምብር ሕግ ወጣ፦ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አዳኝ ሁሉ በዓመት አንድ ዶላር ከፍሎ ቴምብር ይገዛል፤ ገንዘቡም ለወፎቹ መጠጊያ የሚሆን መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ጄይ ዳርሊንግ የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚከታተለውን የፌዴራል ቢሮ ይመራ ነበር። በ1935 ጠበቅ ያለው ደንብ ተከተለ። እህል በትኖ ዳክዬ ማባበል ተከለከለ፤ ጠመንጃው በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ተወሰነ፤ ሕያው ዳክዬን ማማለያ ማድረግም ቀረ።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው ይህ የመጨረሻው ክልከላ ነው። ቀድሞ አዳኙ የቤት ዳክዬዎችን ያረባ ነበር። ጎህ ሳይቀድ እንስቷን ከእግሯ በጠፍር አስሮ ውሃው ላይ ያኖራታል፤ ወንዱን ደግሞ ከእሷ ያርቀዋል። ከጓደኛዋ የተለየች እንስት ዳክዬ ዝም አትልም። ትጣራለች፤ በሰማይ የሚያልፈው መንጋ ይሰማታል፤ ይዞራል፤ ይወርዳል። የአዳኙ ሥራ መደበቅና መተኮስ ብቻ ነበር። ማን ምን እንደሚል፣ መቼ እንደሚልና መቼ ዝም እንደሚል የምታውቀው ታስራ የተቀመጠችው ወፍ ነበረች።

ደንቡ እሷን ሲያስቀር ቦታዋ ለሰው ክፍት ሆነ። ዛሬ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለዳክዬ አደን የተቀዳ ወይም በኤሌክትሪክ የጎላ የወፍ ድምፅንም ይከለክላል። ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ የሰው ትንፋሽና መጥሪያ የሚባለው፣ በእጅ ተይዞ የሚነፋ ትንሽ ቱቦ። ጥያቄውም ሰው ያችን እንስት መተካት ይችላል ወይ የሚል ሆነ። የስቱትጋርት አካባቢ ለዚህ ጥያቄ የተሰናዳ የመሞከሪያ ቦታ ይመስላል፤ ምክንያቱም በመኪና ጥቂት በመጓዝ ብቻ ሦስት ዓይነት ውሃ ይገኛል፤ በአንዱ ላይ ያዋጣ ጥሪ በሌላው ላይ ወፍ ያባርራል።

ወደ ውሃዎቹ ከመሄዳችን በፊት ወፏ ራሷ ምን እንደምትል መታወቅ አለበት። በአካባቢው በብዛት የሚታደነው ማላርድ የሚባለው፣ ወንዱ አረንጓዴ ራስ ያለው ዳክዬ ነው። ሰው ሁሉ የዳክዬ ድምፅ ብሎ የሚያውቀው ያ “ኳክ” የሴቷ ብቻ ነው። ወንዱ በድምፅ ማውጫው ላይ በአንድ ጎን የተነፋ አጥንታዊ ከረጢት ስላለው የሚወጣው ድምፅ ዝቅ ያለና የሻከረ፣ በአፍንጫ የተነገረ የሚመስል ነው። ሴቷ ግን ብዙ ትናገራለች። ከሁሉ የሚታወቀው ጥሪዋ ከሁለት እስከ አሥር የሚደርሱ ተከታታይ ድምፆች ያሉት ነው፦ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ከፍ ይላል፣ ቀሪዎቹ እያጠሩና እየወረዱ ይሄዳሉ። ይህንን በበልግና በክረምት፣ በተለይም ሌሎች ዳክዬዎች ከላይ ሲያልፉ ታሰማዋለች። አዳኞች የሰላምታ ጥሪ፣ የሩቅ ጥሪ፣ የመመለሻ ጥሪ እያሉ ስም የሚያወጡላቸው ሁሉ የዚሁ አንድ ጥሪ ልጆች ናቸው፤ የሚለያቸው ርዝመታቸው፣ ፍጥነታቸውና ጉልበታቸው ነው። ረክታ ስትቀመጥ ደግሞ አንድ አንድ “ኳክ” ታሰማለች፤ ስትበላም አጫጭር፣ የተቆራረጡ ድምፆችን ታጉረመርማለች።

መሣሪያው ቀላል ነው። ከውጭ በርሜሉ አለ፤ ከውስጡ የሚገባ መሰኪያ አለ፤ በመሰኪያው ላይ ጠፍጣፋ የድምፅ ገበታ ተቀርጿል፤ በገበታው ላይ ምላስ የሚባል ስስ ቁራጭ ተኝቷል፤ ምላሱን ደግሞ ትንሽ የቡሽ ሽብልቅ ያዝ አድርጎታል። ትንፋሽ ሲያልፍ ምላሱ ገበታውን እየመታ ይርገበገባል። ከኢሊኖይ ግዛት የፔኪን ከተማ ሰው የነበረው ፊሊፕ ኦልት ከ1904 ጀምሮ ከጠንካራ ጎማ እየሠራ በብዛት የሸጠው መጥሪያ ይህንን ነገር በየአዳኙ አንገት ላይ ካንጠለጠሉት አንዱ ነው። የስቱትጋርት ጠራቢዎች ደግሞ የራሳቸውን አሠራር አወጡ። ከእነሱ አንዱ፣ በ1945 የጥሪ ውድድሩን ያሸነፈው ቺክ ሜጀር፣ “ዲክሲ ማላርድ” የሚል ስም የሰጠውን የእንጨት መጥሪያ ይሠራ ነበር።

ዛሬ ምላሱ በአብዛኛው ማይላር ከሚባለው ፕላስቲክ ይቆረጣል፤ ውፍረቱም በተለምዶ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። አንድ ምላስ ያለው መጥሪያ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ይሄዳል፤ ነገር ግን ትንፋሹን ያልገራ ሰው ሲነፋው ያፏጫል። ባለ ሁለት ምላሱ ጀማሪን ይታገሣል፤ ድምፁ የሻከረና ለወፏ የቀረበ ነው፤ ጉልበቱ ግን ያንሳል፤ በሁለቱ ምላሶች መካከል ምራቅ ሲገባም ቶሎ ይጣበቃል። አክሪሊክ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው መጥሪያ ሹልና ጯሂ ነው፤ እንጨት ለስለስ ይላል፣ እርጥበት ሲያገኘው ግን ያብጣል። ብዙ ሰው መጥሪያ ሲገዛ የሚጠይቀው የትኛው እንደሚጮህ ነው። እኔ የምጠይቀው ዝቅ ሲል ድምፁ ይሰበራል ወይስ አይሰበርም የሚለውን ነው።

አነፋፉም በጉንጭ አይደለም። አየሩ ከሆድ ተገፍቶ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ መስተዋት በትንፋሽ ለማደብዘዝ ሰው እንደሚያደርገው ያለ ሞቅ ያለ አየር ነው። አስተማሪዎች “ኳት” በል ይላሉ፤ ቁም ነገሩ ከፊተኛው ፊደል ሳይሆን ከመጨረሻው “ት” ላይ ነው፤ የነፊው ምላስ ትናጋውን ነክቶ አየሩን ቀጥ ሲያደርገው ድምፁ እንደ ወፏ ይቆረጣል። ያ መቁረጥ ከሌለ የሚሰማው የመኪና ጡሩምባ ነው። ለመብል ጉርምርምታው “ቲካ፣ ቲካ” ወይም “ዱጋ፣ ዱጋ” ይባላል። ጣቶች በመሰኪያው አፍ ላይ ሲከፈቱና ሲከደኑ ደግሞ ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ውሃ እንሂድ፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ነው።

የስቱትጋርት ዙሪያ ግራንድ ፕሬሪ ይባላል። ከአፈሩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ አለ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሩዝ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገበሬዎች ማሳቸውን ለማጠጣት የውሃ ማጠራቀሚያ ሲገድቡ ደግሞ አንዳንዱ ደን በውሃ ተዋጠ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የተኛበት ደን ሞተ። ዛፎቹ ሲያንቀላፉ፣ በክረምት ብቻ፣ ውሃ የሚለቀቅበት ደን ግን አረንጓዴነቱን ይዞ ቆየ፤ ዳክዬዎቹም ከውሃው ሥር የወደቀውን የኦክ ፍሬ ሊለቅሙ መጡ። ባዩ ሜቶ የሚባለው የመንግሥት የአደን ቦታ የዚህ ዓይነት ውሃ ዋና ምሳሌ ነው፤ በ1935 የተቋቋመው የዋይት ሪቨር የዱር እንስሳት መጠለያም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

እዚህ ደን ውስጥ አዳኙ ጉድጓድም ሆነ ጎጆ የለውም። እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ልብስ ለብሶ፣ ጉልበቱን ወይም ጭኑን በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ከአንድ ግንድ ጥላ ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ፊቱን ወደ ላይ አያነሳም፤ የሰው ፊት ከላይ ሲታይ እንደ ሳህን ያበራል። ከፊት ለፊቱ ዛፍ የሳሳበት ትንሽ ክፍት ቦታ አለ፤ በዚያ ላይ በዳክዬ አምሳል የተሠሩ ጥቂት ሰው ሠራሽ ማማለያዎች ይንሳፈፋሉ። ፀሐያማ ቀን የሚመረጠውም ጥላና ብርሃን ተደባልቆ ሰውን ስለሚሰውር ነው፤ ደመና ሲሆን ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆንና እንቅስቃሴ ሁሉ ይጎላል።

መንጋ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ሲያልፍ የመጀመሪያው ጥሪ ይወጣል፤ አምስት ያህል ድምፅ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። ይህ ጥሪ የሚለው “እዚህ ውሃ አለ፣ እዚህ እኔ አለሁ” ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዳክዬዎቹ ከተጠማዘዙ አዳኙ ዝም ይላል። ክብ እየሠሩ መዞር ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ ዙር ከአዳኙ የሚርቁበት አንድ ጥግ አለ፤ ጅራታቸውን ሲያሳዩ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ ምንቃራቸው ወደ እሱ ሲመለስ ድምፁ ይቆማል። በቀጥታ ከራሱ በላይ ሲሆኑ ደግሞ ፈጽሞ አይጠራም። ከዚያ ከፍታ ዳክዬ ድምፁ ከየትኛው ግንድ ሥር እንደሚወጣ በትክክል ታውቃለች፤ በዚያ ግንድ ሥር ደግሞ ዳክዬ የለም።

ታዲያ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰውየው ምን ያደርጋል? ውሃውን ይረግጣል። የደን አዳኞች ዋና ሙያ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ እግር በዝግታ ይወዛወዛል፤ ሞገዱ ከግንድ ወደ ግንድ ይሄዳል፤ ማማለያዎቹ ይናጣሉ፤ በቅርንጫፎች መካከል የገባው ፀሐይ በውሃው ላይ ይሰባበራል። ከላይ ለሚያየው መንጋ ይህ የሚበሉ ወፎች ሥዕል ነው፤ አንዲት የድምፅ ጠብታ እንኳን አልወጣችም። ከዚያ ምናልባት አንድ ዝቅ ያለ “ኳክ”፣ ምናልባትም የተቆራረጠ ጉርምርምታ። ዛፎቹ ድምፁን እየመለሱ ያስተጋባሉ፤ ስለዚህ ሹክሹክታው በቂ ነው። በዚህ ውሃ ላይ ጉልበቱን አውጥቶ የሚነፋ ሰው ከአሥር ግንድ አሥር ማሚቶ ይቀበላል፤ ወፎቹም ያንኑ።

ክንፋቸውን አጉብጠው በቅርንጫፎቹ መካከል መውረድ ሲጀምሩ ጉዳዩ አልቋል። እዚህ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ድምፅ ለአዳኙ የራሱ ደስታ ነው እንጂ ለወፏ የሚሰጣት ነገር የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት ለዚህ ደን የተባለ ይመስለኛል። አንድ ልዩነት አለ፦ የሚወርደው መንጋ በድንገት ወደ ጎን ከተንሸራተተ ፈጣንና አጭር የመመለሻ ጥሪ፣ ሦስት ወይም አራት ድምፅ፣ ወዲያው መውጣት አለበት። ለሁለት ሰከንድ የተጠራጠረ አዳኝ መንጋውን ከጎረቤቱ ማማለያ ላይ ያየዋል።

ከአንድ በላይ አዳኝ ሲኖርስ? አንዱ ይመራል። ሁለተኛው ከፈለገ ከመሪው በተለየ ቁመት ባለው ድምፅ፣ ሌላ እንስት ሆኖ፣ ክፍተቱን ይሞላል። አራት ሰው አራት ተመሳሳይ መጥሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በአንድ ጊዜ ሲጀምር የሚሰማው የዳክዬ መንጋ ሳይሆን የጥሪ ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው ውሃ የሩዝ ማሳው ነው። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ከአጫጆች የተረፈው እህል ሥር ሥሩ ይቀራል። አዳኞቹ በእርከኑ ውስጥ በተቀበረ ጉድጓድ ተቀምጠው ክዳኑን ከራሳቸው በላይ ይስባሉ። መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ ድምፁን የሚመልስ ግንድ የለም፤ የሚሰውረው ጥላም የለም። ዳክዬዎቹ ከሩቅ ያያሉ። ስለዚህ እዚህ ዋናው ተናጋሪ ማማለያው ነው፤ ጥሪው ዓይናቸውን ወደዚያ ለማዞር ብቻ ያገለግላል።

ነፋስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዳክዬ የምታርፈው ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ ነው፤ ብልህ አዳኝም ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ግን ብዙዎች አያስተውሉም። ወፎቹ ለማረፍ ሲመጡ ነፋሱ ከአዳኙ ወደ እነሱ እየነፈሰ ነውና ድምፁ ሳይደክም ይደርሳቸዋል፤ በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ዝቅ ማለት የሚገባውም ለዚህ ነው። ክብ ሠርተው ከጉድጓዱ ጀርባ ሲያልፉ ግን ነፋሱ ድምፁን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ጠንካራ ጥሪ ተገቢ ነው። አዳኞች በተለምዶ የሚያደርጉት የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ወፎቹ ሲቀርቡ በደስታ ይጮኻሉ፣ ሲርቁ ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ።

ማሳው ሌላም ጣጣ አለው። በየእርከኑ ጉድጓድ አለ፤ በየጉድጓዱ መጥሪያ አለ። በዲሴምበር መጨረሻ ላይ የቀረች ዳክዬ ከካናዳ ሜዳዎች እስከ አርካንሶ ድረስ ያንኑ ወራጅ ጥሪ በየቦታው ሰምታ፣ በየቦታው ተተኩሶባት፣ ተርፋ የመጣች ናት። ለዚህች ወፍ ሌላ ቋንቋ ያስፈልጋል። ፊሽካው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከሌሎቹ የዳክዬ ዓይነቶች ጭራ ረጅሙ ፒንቴል፣ ወንዱ ያፏጫል፤ ትንሿ አረንጓዴ ክንፍ ቲልም አጭር ፉጨት አላት፤ ዊጀን ደግሞ ሦስት ክፍል ያለው ፉጨት ያሰማል። በዚያው ፊሽካ ውስጥ በጉሮሮ እያጉረመረሙ ሲነፉ የወንዱ ማላርድ የሻከረ ድምፅ ይወጣል። እነዚህ ድምፆች ሩቅ አይሄዱም፤ መሄድም የለባቸውም። ማሳው ላይ የተለያየ ዓይነት ወፍ ተረጋግቶ እየበላ እንደሆነ ብቻ ይናገራሉ። በእኔ ግምት ፊሽካ የዳክዬ አዳኝ ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ በዋጋው ልክ ብዙ የሚሠራው ነው፤ ግን በመድረክ ላይ ስለማያስጨበጭብ ብዙ ሰው ዘግይቶ ይገዛዋል።

አንድ ትንሽ የመስክ ዘዴ ልጨምር። ብርድና ጭጋግ ባለበት ጥዋት የሰው ትንፋሽ እርጥበት በምላሱና በገበታው መካከል ይጠራቀማል፤ መጥሪያውም በትክክል መንጋው ሲዞር ይደነቁራል። አዳኞች መሰኪያውን ነቅለው አንድ የዶላር ኖት ከምላሱ ሥር ያሳልፋሉ፤ ወረቀቱ ምራቁን ይጠጣል፣ የተጣበቀውንም ቆሻሻ ይጠርጋል። ኖቱ አዲስ ባይሆን ይሻላል፤ ያረጀው ይለሰልሳል።

ሦስተኛው ውሃ ወንዙ ነው፤ ሚሲሲፒና የአርካንሶ ወንዝ፣ እንዲሁም ሰፋፊ ማጠራቀሚያዎች። እዚህ ስለ ዝምታ የሰበክሁት ሁሉ ለጊዜው ይቀመጥ። መንጋው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ውሃው ወዲያ ማዶ ድረስ ተመሳሳይ ነው፤ ነፋስና ሞገድ ራሳቸው ይጮኻሉ። ማማለያው በደርዘኖች፣ አንዳንዴም በመቶዎች ይቆጠራል። ረጅሙ የሩቅ ጥሪ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ በሙሉ ሳንባ፣ የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ተስበው፣ መንጋው አቅጣጫውን እስኪቀይር ድረስ። ከተመለሰ በኋላ ግን ያው የጅራትና የምንቃር ሕግ ይመለሳል።

ቦታ መሣሪያን እንዴት እንደሚቀርጽ ለማየት ከአርካንሶ ወጣ ብሎ ቴኔሲ ውስጥ ያለውን ሪልፉት ሐይቅን መመልከት ይጠቅማል። ሐይቁ በ1811 እና በ1812 በደረሱት የኒው ማድሪድ የምድር መንቀጥቀጦች ጊዜ የተፈጠረ ነው። በዚያ የሚያድኑ ሰዎች ምላሱ ከብረት የተሠራ መጥሪያ ይዘው ታወቁ። ድምፁ ሰፊ ውሃ ያቋርጣል፤ ለመንፋት ግን ያስቸግራል፤ የማያውቅ ሰው ቢነፋው ጆሮ ይበሳል። ያንኑ መጥሪያ ስቱትጋርት ደን ውስጥ አውጥቶ መንፋት በጎተራ ውስጥ ነጋሪት እንደመጎሰም ነው። መጥሪያው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የተወለደበት ውሃ ሌላ ስለሆነ ነው።

ወደ ዋናው ጎዳና እንመለስ። በ1936 የተጀመረው ውድድር አድጎ የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ እስከ ዛሬ በስቱትጋርት በምስጋና በዓል ሰሞን ይካሄዳል። ከተማዋ በዚህ ብዙ ጥሩ ጠሪዎችን አፍርታለች። በ1955 እና በ1956 ተከታትላ ያሸነፈችው ፓት ፒኮክ፣ የዚያችው ከተማ ልጅ፣ ይህን ዋና ማዕረግ የያዘች ሴት ናት። በ1972 ያሸነፈው በች ሪችንባክ ደግሞ በ1976 እዚያው ስቱትጋርት የመጥሪያ መሥሪያ ድርጅት አቋቁሞ ስሙ በአዳኞች ዘንድ ገነነ። ተወዳዳሪው 90 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ በዚያ ውስጥ የሩቅ ጥሪውን፣ የመብል ጉርምርምታውንና የመመለሻ ጥሪውን ያሳያል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳዩን ለመጻፍ የገፋፋኝም ይህ ነው። በውድድሩ ዳኛ ሆና የምትቀመጥ ዳክዬ የለችም። ዳኞቹ ሰዎች ናቸው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ጥራትን፣ ርዝመትን፣ ቅልጥፍናን ይወዳል። ስለዚህ የመድረኩ የሩቅ ጥሪ ከማንኛዋም እንስት ዳክዬ አፍ ከሚወጣው ይልቅ እየረዘመና እየጎላ ሄደ፤ የመብል ጉርምርምታውም ያለ እረፍት የሚንከባለል የከበሮ ምት ሆነ። ጥበቡ እውነተኛ ነው፤ ትንፋሽን እንደዚያ መግራት ዓመታት ይወስዳል፤ ያንን የሚችል ሰው ደግሞ ዝቅ ማለትንም ይችልበታል። ጉዳት የሚደርሰው በተመልካቹ ላይ ነው። ጀማሪው መድረኩን ያዳምጣል፣ ዘጠና ሰከንዱን በቃሉ ይይዛል፣ ከዚያ ማለዳ ደን ውስጥ ገብቶ ዘጠናውንም ይነፋዋል። ጥሪ ንግግር መሆኑን ረስቶ ዜማ ያደርገዋል። ታስራ ትጮህ የነበረችው ዳክዬ አንድም ቀን ዘጠና ሰከንድ ሙሉ ተናግራ አታውቅም፤ መልስ ስታገኝ ታቆም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ ልምድ ያላቸው አዳኞች ወቅቱ ሲገፋ ጥሪያቸውን እየቀነሱ ይሄዳሉ። በኖቬምበር መክፈቻ ላይ አዲስ የገቡ ወፎች፣ በተለይም የዚያ ዓመት ጫጩቶች፣ ለረጅም ጥሪ ይዞራሉ። በጃንዋሪ ያሉት ግን ሌሎች ናቸው። የጀማሪ መድኃኒት ውሃ ላይ መቀመጥ ነው፤ ጠመንጃ ሳይይዝ፣ ወቅቱ ሲዘጋ፣ ከከተማ ኩሬም ይሁን ከመጠለያ ዳር። ማላርድ እንስት በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንደምትል ይቁጠር። ያንን ቁጥር ካወቀ በኋላ መጥሪያውን ለማንሳት እጁ ይከብደዋል።

ባዩ ሜቶ ራሱም እየተለወጠ ነው። ለረጅም ዓመታት ውሃ ቀድሞ እየተለቀቀበትና ዘግይቶ እየተነሣለት ስለቆየ የኦክ ዛፎቹ ተዳክመዋል፤ ብዙዎቹም ሞተዋል። የግዛቲቱ የዓሣና የአደን ኮሚሽን የውሃ አለቃቀቁን ለዛፎቹ ሲል ማስተካከል ጀምሯል፤ ውሃው ዘግይቶ በሚመጣበት ዓመት አዳኞች ያጉረመርማሉ፤ ግን ኦክ ከሌለ ፍሬ የለም፣ ፍሬ ከሌለ መንጋው ቅርንጫፍ መካከል የሚወርድበት ምክንያት የለውም። የግንድ ጥላው፣ ማሚቶው፣ ሹክሹክታው ሁሉ የቆመው በእነዚያ ዛፎች ላይ ነው።

ቦታው የሕዝብ ስለሆነ በወቅቱ ሰው ይበዛበታል። ገና በጨለማ ጀልባዎች እየተሽቀዳደሙ ይገባሉ፤ ሲነጋ ከየአቅጣጫው ጥሪ ይነሣል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ መንጋው ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ አዳኝ ተሰላችቶ ወደ ጀልባው ይመለሳል፤ ጩኸቱም ይበርዳል። ፀሐይ በቅርንጫፎቹ መካከል ዘልቃ ውሃውን ስትነካ፣ የቀሩት ጥቂቶች መጥሪያውን በኮታቸው ውስጥ ከትተው አንድ እግራቸውን በዝግታ ማወዛወዝ ይጀምራሉ።